ለቤታችሁ ቀለም መምረጥ ከከበዳችሁ ከግድግዳው አትጀምሩ

የቀለም ካታሎግ ይዛችሁ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታገላብጡ ትቆዩና መጨረሻ ላይ «በቃ፣ ክሬም ይሁን» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። ክሬም መጥፎ ቀለም ሆኖ አይደለም። ግን ወዳችሁት ሳይሆን ደክሟችሁ የመረጣችሁት ቀለም ለዓመታት ፊት ለፊታችሁ ይቆማል። ይህን ያህል የሚያደክመን ደግሞ ዓይናችን ቀለም ስለማያውቅ አይደለም። ብዙዎቻችን ከተሳሳተው ጫፍ ስለምንጀምር ነው።

እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ሳሎናችንን ስናስቀባ ግሬይ እንዲሆን ተስማማን። ካታሎጉ ላይ ረጋ ያለ፣ ንጹህ ግሬይ ነበር። ሁለተኛው እጅ ተቀብቶ ሲደርቅ ግን ግድግዳው ወደ ወይን ጠጅ አደላ። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ክሬም ነው ስንለው የኖርነው የወለሉ ሴራሚክ ድንገት ቢጫ ሆኖ ታየን፤ ተወልውሎም ያልጸዳ ይመስል ነበር። ቀቢው ተጠርቶ መጣ። ጣሳው ላይ ያለውን ኮድ ካዘዝነው ጋር አስተያየ፤ ልክ ነው። ቀለሙ አልተበላሸም። ግድግዳውና ወለሉ ናቸው ሆድና ጀርባ የሆኑት።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1824 ፓሪስ ውስጥ ጎብላን በሚባለው፣ ለግድግዳ የሚሰቀሉ ሥዕላዊ ጨርቆች በሚሸመኑበት ቤት የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ሆነ። «ጥቁሩ ክር በደንብ አልጠቆረም» የሚል ቅሬታ ይመጣለት ነበር። ቢመረምረው ክሩ ምንም አልሆነም። ጥቁሩን ያፈዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነው። በ1839 ባሳተመው ሥራው ይህን በዝርዝር አስረዳ፦ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይናችን ልዩነታቸውን ያጎላዋል፣ አንዱ ሌላውን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። ቢጫ አጠገቡ ያለውን ግሬይ ወደ ወይን ጠጅ ይገፋል። ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ግሬይም በተራው ቢጫውን ያጋልጠዋል። እኛ ሳሎን የሆነው ልክ ይሄ ነበር።

ስለዚህ ካታሎግ ስትከፍቱ «ይህ ቀለም ያምራል ወይ?» ማለት ብቻውን አይበቃም። ብቻውን ሲታይ የማያምር ቀለም ጥቂት ነው። ጥያቄው «ከምን አጠገብ ሊቀመጥ ነው?» የሚለው ነው።

መጀመሪያ የማይነሳውን እዩ

ካታሎጉን አስቀምጡና ቤቱን ዙሩ። የማትቀይሩትን ነገር ሁሉ ጻፉ፦ ወለሉ፣ የኩሽና ካቢኔው፣ የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ፣ በሩና የመስኮቱ ፍሬም፣ ቁም ሳጥኑ፣ በቅርብ ልትቀይሩት ያላሰባችሁት ትልቁ ሶፋ። ባዶ ቤት ውስጥ ብትሆኑ እንኳ ወለልና በር አለ። ቤታችሁ ቀለም ሊመረጥለት አይደለም፤ ቀለም አለው። የእናንተ ሥራ ካለው ጋር የሚሄድ መጨመር ነው።

ከዚያ ጨርቁ ይምጣ፤ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ የሶፋ ልብስ። የግድግዳ ቀለም መጨረሻ ላይ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚያደርገው። ቀለም ይቀባና ከዚያ ጋር የሚሄድ መጋረጃ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ይንከራተታል። ምክንያቱን አስቡት፦ ቀለም በፈለጋችሁት ዓይነት ይበጠበጥላችኋል፣ ትንሽ ጨለም፣ ትንሽ ፈዘዝ ማድረግ ይቻላል። ጨርቅ ግን ያለው ያው ነው። በልካችሁ የሚሠራውን ነገር በልካችሁ ከማይሠራው በኋላ ምረጡት።

ከየት እንደምትጀምሩ ጨርሶ ግራ ከገባችሁ አንድ የምትወዱት ብዙ ቀለም ያለው ዕቃ ፈልጉ። ምንጣፍ ሊሆን ይችላል፣ ሥዕል ሊሆን ይችላል፣ የትራስ ልብስም ቢሆን ችግር የለውም። እሱን የሠራው ሰው ቀለሞቹን አስማምቶ ጨርሷል፤ ያንን ድካም ተውሱት። ብዙ ቦታ የያዘውን ፈዘዝ ያለ ቀለም ለግድግዳ፣ መካከለኛውን ለመጋረጃ ወይም ለሶፋ፣ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያለውን ደማቁን ለትራስና ለትናንሽ ዕቃ ውሰዱ። እንደ እኔ ከሁሉም ዘዴ ሰው የማይሳሳትበት ይሄ ነው።

ከስር የተደበቀው ቀለም

ነጭ፣ ክሬም፣ ግሬይ፣ ቢዥ የምንላቸው ሁሉ ከስራቸው ሌላ ቀለም ይዘዋል። አንዱ ነጭ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ሌላው ወደ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ሮዝ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ። ለየብቻ ስታዩዋቸው ሁሉም ነጭ ናቸው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው ጉዳቸው የሚወጣው። «ለምንድን ነው የማይሄደው? ሁለቱም እኮ ክሬም ናቸው!» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚህ ነው። አንዱ ክሬም ቢጫ ያዘለ፣ ሌላው ሮዝ ያዘለ ነው።

ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ንጹህ ነጭ ወረቀት ውሰዱ፤ ለፎቶ ኮፒ የምንጠቀምበት ዓይነት። ቀን ላይ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ወለሉ ላይ አስቀምጡት። አጎንብሳችሁ የወረቀቱን ጠርዝና ሴራሚኩን አንድ ላይ እዩ። ትንሽ ቆዩ፤ ዓይናችሁ ይላመድ። እስካሁን «ነጭ ነው» ስትሉት የነበረው ወለል ከወረቀቱ አጠገብ ቢጫ ወይም ሮዝ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ብቅ ይላል። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው የወለላችን ቢጫነት ያን ያህል መሆኑን ማመን አቅቶኝ ወረቀቱን ሦስት ቦታ እያነሳሁ አስቀምጫለሁ። ያንን ያየሁት ቀለም ከመቀባታችን በፊት ቢሆን ኖሮ ግሬዩን አልመርጠውም ነበር። በሩንም፣ ሶፋውንም፣ ካቢኔውንም እንዲሁ አድርጉ። ያያችሁትን ከዝርዝሩ አጠገብ ጻፉ፦ «ወለል፣ ወደ ቢጫ»፣ «ካቢኔ፣ ወደ ቀይ የሚሄድ ቡናማ»።

ካታሎግ ላይ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። አንዱ ወረቀት ላይ ከፈዛዛ እስከ ጨለማ የተደረደሩ ቀለሞች አሉ አይደል? ብዙ ጊዜ ፈዛዛውና ጨለማው የአንድ ቤተሰብ ናቸው። እናንተ የመረጣችሁት ላይኛውን ፈዛዛ ከሆነ ታችኛውን ጨለማውን እዩት። እሱ አይዋሽም። ታች ያለው ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ ከሆነ ላይ ያለው «ንጹህ ግሬይ»ም ግድግዳ ሞልቶ ሲቀባ ወደዚያው ነው የሚሄደው።

ከዚህ በኋላ ሕጉ ቀላል ነው። ትልልቆቹ ነገሮች ከስር የያዙት ቀለም ይመሳሰል። ወለላችሁ ቢጫ ካዘለ ግሬይ መቀባት አትችሉም ማለት አይደለም፤ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ቢጫ ያደላ ሞቅ ያለ ግሬይ ፈልጉ። የኮርኒሱንና የበሩን ነጭ አትርሱ። ግድግዳው ሞቅ ያለ ክሬም ሆኖ ኮርኒሱ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ድርቅ ያለ ነጭ ሲሆን ግድግዳው የቆሸሸ ይመስላል። ለቤቱ በሙሉ አንድ ነጭ ምረጡና በእሱ ጽኑ።

ስሙን ሳይሆን ጥንካሬውን

ስለ ቀለም ስናወራ የምናወራው ስለ ስሙ ነው፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አልበርት መንሰል የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ ቀለምን በሦስት ነገር ለካው፦ ምን ቀለም እንደሆነ፣ ምን ያህል ብርሃናማ ወይም ጨለማ እንደሆነ፣ ምን ያህል ደማቅ ወይም ደብዛዛ እንደሆነ። ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያጣላው የመጀመሪያው ሳይሆን ሁለቱ ናቸው። ሰማያዊና አረንጓዴ ሁለቱም ደብዘዝ ያሉ ከሆኑ በሰላም ይኖራሉ። አንዱ ደብዛዛ ሆኖ ሌላው የሚጮህ አረንጓዴ ከሆነ ግን አረንጓዴው ሁሉንም ይውጠዋል፣ ሌላውም አሮጌ ይመስላል።

ብርሃንና ጨለማውን ለማየት ስልካችሁ ይበቃል። ክፍሉን ፎቶ አንሱና ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ግሬይ ከሆነ ክፍሉ ለምን እንደሚያስተኛ አገኛችሁት ማለት ነው። ሌላ ቀለም መጨመር አይደለም የጎደለው። አንድ ጨለም ያለ ነገር ወይም አንድ በደንብ ብርሃናማ ነገር ነው። ይህን የነገርኳቸው ሰዎች ብዙዎቹ አዲስ ትራስ ሊገዙ ተነስተው ጥቁር ፍሬም ያለው መስታወት ሰቅለው ተዉት።

ስሙን በተመለከተ የቀለም ክብ የሚባለውን ማወቅ ይጠቅማል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 የብርሃን ቀለሞችን በክብ አስቀምጦ ካሳየ ወዲህ ሰው ሲጠቀምበት ኖሯል። ክቡ ላይ ጎረቤት የሆኑ፣ ለምሳሌ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ረጋ ያለ ስሜት ይሰጣሉ፤ ለመኝታ ቤት ደህና ናቸው። ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ እንደ ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ አንዱ ሌላውን ያነቃዋል። ታዲያ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለቱንም ደማቅ፣ ሁለቱንም እኩል አታድርጉ። ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ሰማያዊ የሆነ ክፍል ውስጥ አንድ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ የእንጨት ጠረጴዛ ቢኖር በቂ ነው።

መጠኑን ለመመደብ የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያዎች 60፣ 30፣ 10 የሚሉት ነገር አለ። 60 በመቶ ዋናው ቀለም፣ 30 በመቶ ሁለተኛው፣ 10 በመቶ ደማቁ። በሜትር ለክታችሁ እንድትሠሩት አይደለም። ዋናው ነገር አንዱ በግልጽ ይብለጥ የሚለው ነው። ያንን ደማቅ 10 በመቶ ደግሞ አንድ ቦታ አታከማቹት። ቀይ ትራስ ብቻውን ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ሰው ረስቶት የሄደ ይመስላል። ያው ቀይ ሥዕሉ ውስጥ ትንሽ፣ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ትንሽ ሲኖር ግን ታስቦበት እንደተቀመጠ ይታወቃል።

መብራቱ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። ቀለም ብርሃን ከሌለ የለም። ብርሃኑ ሲቀየር ቀለሙም ይቀየራል። ሱቅ ውስጥ አንድ የመሰሏችሁ መጋረጃና ቀለም ቤት ስትገቡ የሚለያዩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለት ቀለሞች በአንድ መብራት ተመሳስለው በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ።

የአምፖላችሁን ካርቶን እዩት። ኬልቪን የሚል ቁጥር አለ። 2700 ወይም 3000 ከሆነ ብርሃኑ ቢጫ፣ ሞቅ ያለ ነው። 4000 አካባቢ መሃል ላይ ነው። 6500 ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ነጭ ነው። ወደ ቢጫ የሚያደላ ክሬም ግድግዳ በ2700 አምፖል ይበልጥ ቢጫ ይሆናል። ሰማያዊ ግድግዳ በዚያው አምፖል ሥር ይደበዝዛል። ስለዚህ አምፖሉን ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ወስኑ፤ በአንድ ክፍል ውስጥም አታደባልቁ። ሲአርአይ የሚል ቁጥርም ካለ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ፈልጉ። ቀለም በትክክለኛ መልኩ እንዲታይ የሚያደርገው እሱ ነው።

መስኮቱንም እዩ። በምሥራቅ በኩል መስኮት ያለው ክፍል ጠዋት ይሞቃል፣ ከሰዓት ይቀዘቅዛል። የምዕራቡ ተቃራኒው ነው፤ ማምሻው ላይ ወርቃማ ይሆናል። ክፍሉን በብዛት የምትጠቀሙበት ሰዓት የትኛው ነው? ቀለሙን ለዚያ ሰዓት ምረጡ። ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ደጅ ያለው ነው። መስኮቱ ፊት ለፊት ትልቅ ዛፍ ካለ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ውስጥ ይገባል። ቀይ ግንብ ካለም ነጭ ግድግዳችሁ ትንሽ ይቀላል።

ጨለማ ክፍል ከሆነ አንዳንድ ካታሎጎች ኤልአርቪ የሚል ቁጥር ከቀለሙ አጠገብ ይጽፋሉ። ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ነው የሚናገረው። 0 ፍጹም ጥቁር፣ 100 ፍጹም ነጭ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክፍሉ ይፈካል።

ሳትሞክሩ አትቀቡ

ካታሎጉ ላይ ያለችው የክብሪት ቤት የምታክል ቁራጭ ስለ ግድግዳ ብዙ አትነግራችሁም። ቀለም ሰፊ ቦታ ሲይዝ ይበረታል፤ ግድግዳዎቹም እርስ በርስ ቀለማቸውን ይመላለሳሉ፣ በተለይ ማዕዘን ላይ። ብዙ ጊዜ ከወደዳችሁት አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን ብትወስዱ የፈለጋችሁትን ታገኛላችሁ።

ትንሽ ናሙና አስበጥብጡና 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ነጭ ካርቶን ላይ ቀቡ። ሁለት እጅ። ዙሪያውን ትንሽ ነጭ ጠርዝ ተዉለት። በቀጥታ ግድግዳው ላይ አትሞክሩ፤ የድሮው ቀለም ዙሪያውን ሆኖ ያታልላችኋል። ሼቭረልን አስታውሱ። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅም ጠብቁ፤ እርጥብ ቀለም ያው አይደለም። ከዚያ ካርቶኑን ሶፋው ጀርባ አቁሙት፣ ወለሉን አስነኩት፣ ማዕዘን አስገቡት፣ መጋረጃው አጠገብ ያዙት። ጠዋት እዩት፣ ቀትር ላይ እዩት፣ ማታ መብራት አብርታችሁ እዩት። ሁለት ቀን ስጡት። ሦስት ካርቶን ቢኖራችሁ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ሲነጻጸር ነው የሚታወቀው። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለሰው ልካችሁ አትወስኑ፤ ካሜራው ቀለሙን በራሱ ያስተካክለዋል።

ማት ይሁን የሚያብለጨልጭ የሚለውም ቀለሙን ይለውጠዋል። ማት፣ ማለትም የማያብለጨልጨው፣ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው የግድግዳውን እንከን ይደብቃል፣ ቀለሙም ለስለስ ይላል። የሚያብለጨልጨው ለማጠብ ይመቻል፤ ግን እያንዳንዱን ጉብታ ያሳያል። ለኩሽና፣ ለመታጠቢያ ቤትና ልጆች እጃቸውን ለሚያሳርፉበት ኮሪደር መሃለኛውን፣ ትንሽ ብቻ የሚያበራውን ውሰዱ።

ከመወሰናችሁ በፊት ኮሪደሩ ላይ ቁሙና በሮቹን ሁሉ ክፈቱ። በአንድ ጊዜ የሚታዩት ክፍሎች ስንት ናቸው? እነሱ መስማማት አለባቸው። በር የሚዘጋበት መኝታ ቤት የራሱ ዓለም ቢሆን ማንንም አይጎዳም።

ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ ደግሞ የምትወዱትን አትከራከሩ። እያንዳንዳችሁ አብሬው መኖር አልችልም የምትሉትን ሦስት ቀለም ጻፉ። እነሱን አውጡ። የቀረው ላይ መስማማት ይቀላል፤ እኛ ቤት የተሳካው እንደዚያ ነው።

ስትገዙ የሚበቃችሁን በአንድ ጊዜ ግዙ። ኮዱ አንድ ሆኖ እንኳ በተለያየ ቀን የተበጠበጠ ቀለም ትንሽ ሊለይ ይችላል። ጣሳዎቹን ትልቅ ባልዲ ውስጥ አደባልቁና ከዚያ ይቀባ፤ ግድግዳው መሃል ላይ መስመር አይወጣም።

ተቀብቶ አልቆ ያልወደዳችሁት ከሆነስ? ወዲያው ሮለር አታንሱ። መጀመሪያ አምፖሉን ቀይሩ። ከዚያ የሚጣሉትን ሁለቱን ቀለሞች ለዩአቸው። እኛ ቢጫው ወለል ላይ ከግድግዳው ሥር እስከ ሶፋው ፊት የሚደርስ ሰፊ ምንጣፍ አነጠፍን፤ ሁለቱ እንደ ድሮው ፊት ለፊት መተያየት ሲያቆሙ ወይን ጠጁ በግማሽ ቀነሰ። እንደገና ያስቀባነው ከዓመት በኋላ ነው፣ በዚህኛው ጊዜ ወደ ቡናማ በሚያደላ ግሬይ። የሞከርንበትን ካርቶን ጀርባው ላይ የቀለሙን ኮድ፣ የተቀባበትን ቀንና ማት መሆኑን ጽፌ ቁም ሳጥኑ ጀርባ አስቀምጬዋለሁ። መጋረጃ ልንመርጥ ስንሄድ ይዘነው እንወጣለን፣ ጨርቁን ላዩ ላይ ዘርግተን ሱቁ በር ላይ በፀሐይ ብርሃን እናየዋለን።